እናት ወደ ወይን ኮረብታ ስትመጣ

«እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ ወደ ጣልያን ለሚመጣ ቤተሰብ አይሠራም። እዚህ እንግዳ ድንገት አይደርስም። እናት ልጇን ለማየት ካሰበችበት ቀን እስከ በሩ ደጃፍ ድረስ አራት አምስት ወር ይሄዳል፤ አብዛኛው የሚያልቀውም በወረቀት ነው። የምጽፈው በፒየሞንቴ፣ በአልባ ከተማ ዙሪያ ባሉት የላንጌ ኮረብቶች ለሚኖሩ ነው። ባሮሎና ባርባሬስኮ የሚባሉት ወይኖች አገር ማለት ነው። ቶስካና ወይም ቬኔቶ ላላችሁም ብዙው ይሆናችኋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። የሚመጡት እኛን ሊያዩ ነው። ብዙ ጋባዥ ግን ለቱሪስት የሚሆን ዕቅድ ያወጣል፦ በቀን ሦስት የወይን ጓዳ፣ ሁለት ግንብ፣ አንድ ሙዚየም። በአራተኛው ቀን እናት እግሯ አብጦ፣ ሆዷ ታውኮ፣ «እኔ እኮ ቤት መቀመጥ ይበቃኛል» ትላለች። ዕቅዱ ከእንግዳው ጾም፣ ጉልበት፣ ብርድና ቡና ቢነሳ፣ ወይኑ በራሱ ቦታውን ያገኛል።

ከወረቀቱ እንጀምር። የሼንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 በታች ያለ አይከፍልም። የተለመደው የመልስ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል። በዚያው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ይገባል፦ እናት ከአልባ ተነስታ ፍራንክፈርት ያለች ልጇን አይታ መመለስ ትችላለች፤ የእንግሊዝ ቪዛ ኖሯት ለንደን ብትሄድ ግን ከሼንገን ወጥታለችና በዚያው ቪዛ ወደ አልባ አትመለስም። ልጆች በተለያየ አገር ላሉባት እናት የጉዞው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዚህ ነው።

የግብዣ ደብዳቤው ላይ የጋባዡ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ የቤቱ አድራሻና የቆይታው ቀናት ይሰፍራሉ። የገንዘብ አቅምን የሚለካው ሠንጠረዥ ከ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ከ20 ቀን በላይ ለሚቆይ አንድ ሰው መነሻው 206.58 ዩሮ ሲሆን በየቀኑ 27.89 ዩሮ ይጨመርበታል። ለ60 ቀን 1,879.98 ዩሮ ይመጣል። ሁለት ሆነው ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው መነሻው 118.79፣ የቀኑ ደግሞ 17.04 ዩሮ ነው። እንግዳው ይህን በራሱ ሒሳብ ማሳየት ካልቻለ ጋባዡ በባንክ ዋስትና ሊሸፍንለት ይችላል። የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ላለበት አባት የመድኑን ውል እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምን የማይሸፍን ውል ብዙ አለ።

ብዙ ማመልከቻ የሚደናቀፈው በስም ነው። ጣልያን የቤተሰብ ስም ያውቃል፤ እኛ የአባት ስም ነው ያለን። እናትና ልጅ በወረቀት ላይ አንድም የሚጋሩት ስም የላቸውም፤ ለጣልያናዊው ጸሐፊ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ዝምድናውን የሚያሳየው የተተረጎመና የተረጋገጠ የልደት የምስክር ወረቀት ነው። በግብዣው ደብዳቤ ላይም «በኢትዮጵያ ልጅ የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይወርስም» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ይጠቅማል። ስሙ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተልና ፊደል ይጻፍ። ቀኑም እንዲሁ፦ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዘመን ሲገለበጥ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት (ታኅሣሥ 22 ወይም 23) በፊት ወይም በኋላ መሆኑ ልዩነቱን 7 ወይም 8 ዓመት ያደርገዋል። ተርጓሚው በየትኛው እንዳሰበ ከፓስፖርቱ ጋር ተያይቶ ይታይ።

እንግዳው ከገባ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ ይቆጠራል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ዜግነት ያለውን ሰው ያሳደረ፣ የገዛ እናቱም ብትሆን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። አልባን በመሰለ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት የሌለው ቦታ ሁሉ ደብዳቤው የሚገባው ለኮሙኔው፣ ማለትም ለከንቲባው ቢሮ ነው። ቅጹ ላይ የጋባዡና የእንግዳው ማንነት፣ የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የቤቱ አድራሻ ይሞላል። ያላሳወቀ ከ160 እስከ 1,100 ዩሮ ይቀጣል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ያለ ቪዛ የመጣ ወንድምም ከዚህ አያመልጥም። እንግዳው ዓርብ ማታ ከደረሰ ኮሙኔው ቅዳሜ ይከፈት እንደሆነ ቀድሞ ማየት፣ ካልተከፈተም በተረጋገጠ የኢሜይል አድራሻ መላክ ይሻላል። በሌላ የሼንገን አገር አልፎ የመጣ እንግዳ ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ መገኘቱን ለኩዌስቱራ፣ ማለትም ለአውራጃው ፖሊስ ዋና መምሪያ ያስታውቃል፤ በቀጥታ ሮም ወይም የሚላኑ አየር ማረፊያ ማልፔንሳ የወረደ ድንበር ላይ መመዝገቡ ይበቃዋል።

ሻንጣው ሲሞላ ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ እናት ባዶ እጇን እንደማትመጣ እናውቃለንና። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳሉ፤ ያን ሁሉ የደከመችበት ቅቤ ፊቷ ሲጣል ማየት የጉዞዋን ደስታ ያበላሻል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም። ለቅቤው መፍትሔ አለ፦ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን ደረቁን ታምጣ፤ ቅቤው እዚህ ይነጠራል። የጣልያን ጨው አልባ ቅቤ 82 በመቶ ያህል ስብ ነው፤ ከ1 ኪሎው 800 ግራም የሚጠጋ ንጥር ይወጣል። በጣም በትንሽ እሳት፣ አረፋው እስኪጠራ መታገሥ ነው። የእኛን የአገር ቅቤ ያህል መዓዛ አይኖረውም፤ ለክትፎ ግን ይበቃል።

ጊዜውን ስትመርጡ የጣልያኑን የቀን መቁጠሪያ ብቻ አትዩ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ አንዳንድ ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሕመም ነው። ነሐሴ የፍልሰታ ጾምም ነው፤ የአካባቢው ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ደግሞ በነሐሴ አጋማሽ ይዘጋል። ኅዳር ጉም ነው፤ ኔቢዮሎ የሚባለው የወይን ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጉም ነው ይባላል። ነጩ ትሩፍል፣ ከመሬት በታች የሚበቅለው ውድ እንጉዳይ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይወጣል፤ ግን የሚቀርበው በእንቁላል፣ በቅቤና በጥሬ ሥጋ ላይ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ለጾመኛ እንግዳ ይህ ሁሉ ይዘጋል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ነው። ከወይን ዘሮቹ ሞስካቶ ቀድሞ ይለቀማል፣ ዶልቼቶና ባርቤራ ይከተላሉ፣ ኔቢዮሎ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ይደርሳል። መስቀልን በወይን ለቀማ መሐል ማክበር ይቻላል፤ ጾሙም ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው።

ለቀማውን ካነሳሁ፦ እንግዳችሁ «እኔም ልርዳ» ብሎ ቅርጫት እንዳያነሳ። የጎብኚ ቪዛ ሥራ አይፈቅድም፤ ቁጥጥር በመጣ ቀን ያልተመዘገበ ሰው ወይን ሲቆርጥ ከተገኘ ገበሬው ይከሰሳል፣ እንግዳውም ችግር ውስጥ ይገባል። ማየት ከፈለገ ለጎብኚ ተብሎ የተዘጋጀ የለቀማ መርሐ ግብር ያላቸው እርሻዎች አሉ።

የቤቱ ነገር ከብርድ ይጀምራል። በአልባ አካባቢ ማሞቂያ በሕግ የሚበራው ከጥቅምት 15 እስከ ሚያዝያ 15 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቀን እስከ 14 ሰዓት። ከዚያ በፊት ያለው የኮረብታ ሌሊት ይበርዳል፣ ወለሉም ሸክላ ነው። የቤት ጫማ በየእግራቸው ልክ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የማያንሸራትት ምንጣፍ ከመምጣታቸው በፊት ይገዛ። የድሮ የገበሬ ቤቶች መኝታቸው ፎቅ ላይ፣ ደረጃቸው ጠባብ ነው፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ሳሎኑን መኝታ ማድረግ አያሳፍርም።

ኤሌክትሪክ ሌላው ወጥመድ ነው። የጣልያን ቤት የተለመደው ውል 3 ኪሎ ዋት ነው፤ ቆጣሪው ያለ ጊዜ ገደብ የሚታገሠው እስከ 3.3 ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሌላ ዕቃ ሲጨመርበት ቤቱ ይጨልማል። ወይ ውሉን ለጊዜው ማስጨመር፣ ወይ ሰፊ የማይጣበቅ መጥበሻ በጋዝ ላይ መጠቀም ነው። ሊጡ በበጋ በሁለት ቀን ሲቦካ፣ ቤቱ 18 ዲግሪ በሆነበት ወቅት አራት አምስት ቀን ይፈልጋል፤ እርሾ ጨምሮ መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ ማስቀመጥ ያፋጥነዋል። የጤፍ ዱቄት በአልባ አትፈልጉ፤ ሚላን ፖርታ ቬኔጽያ ያሉት የሐበሻ ሱቆች አላቸው። ከማልፔንሳ እንግዳ ለመቀበል ስትሄዱ በዚያው ማምጣት ነው።

ለቡናው የሸክላ ጀበና በኢንዳክሽን ምድጃ አይሠራም። በጋዝ ከሆነ ትንሹ እሳት ላይ ስፓርጊፊያማ የሚሉትን የእሳት ማከፋፈያ ብረት አስቀምጦ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው፤ አለበለዚያ ጀበናው ይሰነጠቃል። ከሰል ግን ቤት ውስጥ በምንም መልኩ አይነሳ። የጣልያን መስኮት አየር አያስገባም፤ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ከሰሉ መርዝ ያወጣል፣ ሽታም የለውም። እጣኑ በጭስ ማውጫው ሥር ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ሦስቱም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየቀኑ እንዲፈላ ጊዜ ይሰጠው። ጎረቤት ጣልያናዊትን ለዚህ ቡና መጥራት ከየትኛውም ጉብኝት ይበልጣል። ቋንቋ ሳይኖራቸው ሁለት አሮጊቶች ስለ ቆሉት ቡና ሲግባቡ አንድ ከሰዓት ይሞላል።

ምግብ ቤት ስትወስዷቸው መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር ንገሯቸው። ምሳ ከ12፡30 እስከ 14፡00 ነው፣ እራት ከ19፡30 በኋላ፤ በመሐል ማእድ ቤቱ ዝግ ነው። እኛ «ሰባት ሰዓት» ስንል እነሱ 13፡00 ይላሉ፤ የባቡር ትኬት ላይ 7፡00 የሚለውን አባት ከሰዓት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ነው።

ፒየሞንቴ ለሐበሻ የምታቀርበው ስጦታ ካርኔ ክሩዳ ነው። ፋሶና ከሚባለው የአካባቢው ከብት የተከተፈ ጥሬ ሥጋ፣ በወይራ ዘይት፣ በጨው፣ አንዳንዴም በሎሚና በነጭ ሽንኩርት። አባት ይህን በጣልያን ምግብ ቤት ሲያይ የሚያበራው ፊት ልዩ ነው። ለቤት ክትፎም ሥጋ ቤቱ ዘንድ ሄዳችሁ ጥሬ የሚበላ መሆኑን ተናገሩ፤ ከታፋ ጮማ የሌለውን በፊታችሁ ይከትፍላችሁ፣ በዚያው ቀን ይበላ። ለአራት ሰው 600 ግራም ያህል ይበቃል። ለነፍሰ ጡርና ሕመም ላዳከመው አዛውንት ግን በደንብ የበሰለ ይሁንላቸው።

ለጾመኛ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው፤ አስተናጋጁ «ሥጋ የለውም» ማለቱ አይበቃም። ታያሪን የሚባለው የአካባቢው ቀጭን ፓስታ በእንቁላል አስኳል የተቦካ ነው። አኞሎቲ ሥጋ በሆዱ ይዟል። ሪዞቶ በቅቤና በፎርማጆ ይጨረሳል። ባኛ ካውዳ፣ አትክልት የሚጠቀስበት የነጭ ሽንኩርትና የዘይት ትኩስ ማባያ፣ አንቾቪ አለው፤ ዓሣ በጾም የሚበሉም የማይበሉም አሉና ጠይቁ። የሚያስተማምነው ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ወይም በነጭ ሽንኩርትና ዘይት፣ ከሽምብራ ዱቄት የሚጋገረው ፋሪናታ፣ ያለ ቅቤ የተሠራ ፖለንታ ነው። ፖለንታን «የበቆሎ ገንፎ» ብላችሁ ስታቀርቡ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ የአሳማው ብቻ አይደለም ጥያቄው፤ ብራዛቶ የሚባለው ሥጋ ሌሊቱን በወይን ተዘፍዝፎ የሚበስል ነው፣ በብዙ ወጥ ውስጥም ወይን ይገባል።

አሁን ወደ ወይኑ። ለእናት የመጀመሪያው ብርጭቆ ባሮሎ አይሁን። ባሮሎ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚህም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል የሚቆይ፣ ምላስንና ድድን የሚያደርቅ ኃይለኛ ወይን ነው፤ ጠጅ ለለመደ አፍ ቅር ያሰኛል። ሞስካቶ ዳስቲ ይቅደም። ጣፋጭ፣ በስሱ የሚፈላ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀዝቅዞ ይቀርባል። «ይሄማ ብርዝ ነው» ብላ እናት ብርጭቆዋን ትደግማለች። ከዶሮ ወጥም ጋር የሚሄደው እሱ ነው፤ ከፍተኛ አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያብሰዋል፣ ጣፋጩ ግን ያበርደዋል። ባሮሎው ለአባት፣ ከጥብስ ወይም ከክትፎ ጋር፣ ሚጥሚጣው ቀነስ ብሎ፣ ከመቅረቡ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ወደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ።

የወይን ጓዳ ጉብኝት በቀን አንድ ይበቃል፣ በሳምንት ሁለት። ያለ ቀጠሮ አይኬድም። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ደረጃ አለ፣ ወንበር አለ ወይ፣ ስንት ዓይነት ይቀመሳል። ጓዳው በበጋም ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነውና ጋቢ ይያዝ። ቁርስ ሳይበላ፣ በጾም ሆድ አይገባም። ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ወደ ማስቀመጫው መድፋት ነውር እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሰው መስተንግዶ መድፋት ለእኛ ሽማግሌዎች ከባድ ነው፣ ካልተነገራቸው ሁሉንም ይጨርሱታል።

መኪና ከሌለ በኮረብታዎቹ መኖር አይቻልም፤ እሁድ አውቶቡስ የለም ማለት ይቻላል። የሚነዳው ሰው አይቀምስም፤ ወሰኑ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ መንጃ ፈቃዱ 3 ዓመት ላልሞላው ዜሮ። ከባሮሎ ወደ ላ ሞራ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ እናት ከፊት ትቀመጥ። ላ ሞራ ላይ መኪናው ከአደባባዩ አጠገብ ይቆማልና ጥቂት እርምጃ ተሂዶ የኮረብታው ሁሉ ወይን ወለል ብሎ ይታያል። ደረጃ የለም። ለአዛውንት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በጉዞው ላይ አባት «ጎሚስታ»፣ «ላቫጆ» የሚሉ ጽሑፎችን ሲያነብ አገሩ የቆየ ይመስለዋል።

የአካባቢው መንገድ ግን ሌላ ስምም ያሳያል። ከአልባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሞንፌራቶ ስትነዱ ግራጻኖ ባዶሊዮ የሚል የመንደር ሰሌዳ አለ። ጦሩን አስከትሎ፣ መርዝ ጋዝ አርከፍክፎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. (1936 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የገባው ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ የተወለደበት መንደር ነው፤ በፋሺስቱ ዘመን በስሙ ተሰየመ፣ እስከ ዛሬም አልተለወጠም። አያቱን በዚያ ጦርነት ያጣ ሽማግሌ ያን ስም ሳያስበው በመስኮት ሲያነብ ዝም ነው የሚለው። ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ መሄድ አለመሄዱን እሱ ይምረጥ። «አምባራዳን» የሚለው የጣልያንኛ ቃልም፣ ትርምስ ለማለት በየቤቱ የሚነገረው፣ ከአምባ አራዶም ጦርነት የመጣ ነው። አባት በጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰማው ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱን ይዞ መጠበቅ የጋባዡ ድርሻ ነው። ሌላውንም ጎን ማሳየት እውነት ነው፦ አልባን ፓርቲዛኖች፣ ማለትም የዚያ አገር አርበኞች፣ በጥቅምት 1944 እ.ኤ.አ. ከፋሺስቶች ነጻ አውጥተው 23 ቀን በራሳቸው አስተዳድረዋታል። የኛ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ለመረዳት ሰፊ ማብራሪያ አይፈልጉም።

በሌሊት ቢታመሙ፣ ለአስቸኳይ 112፣ አጣዳፊ ላልሆነው 116117። የመድኑ ወረቀት፣ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር በላቲን ፊደል፣ የፓስፖርት ቅጂ በአንድ ፖስታ በሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ሲመለሱ ጠርሙስ ይዘው መሄዳቸው አይቀርም። አንዱ ጠርሙስ 1.3 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ከሦስት በላይ ሻንጣውን ይበላዋል። በእጅ ቦርሳ አይገባም። እያንዳንዱ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ታስሮ፣ በሻንጣው መሐል፣ ከጠርዙ ርቆ ይቀመጥ። ሞስካቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠጣ። ባሮሎው ግን ቤት ሲደርስ አይከፈት፤ ከማእድ ቤቱ ሙቀት ርቆ፣ ብርሃን በሌለበት ቁም ሳጥን ሥር በጎኑ ይተኛ። ለየትኛው ልጅ ሠርግ እንደሆነ እናት በልብስ ስፌት ክር አስራ ስሙን ትጽፍበታለች።